ጥቁር እንጨት በብልቃጥ

የመጀመሪያው ቀን ሥራዬ ግድግዳ ማጠብ ነበር። በአገሬ የምርምር ጣቢያ አሥራ አራት ዓመት ድንችና እንሰት በብልቃጥ ሳባዛ የኖርኩ፣ "ሲኒየር ቴክኒሻን" የሚል ማዕረግ ያለኝ ሴትዮ፣ ካምፓላ በገባሁ በሦስተኛው ቀን ናካዋ ገበያ ጀርባ ካለ አሮጌ ቤት ውስጥ የበረኪና ባልዲ ይዤ ቆምኩ። ቤቱ ቀደም ሲል ዳቦ ቤት ነበር። ይህን ስሰማ ቅስሜ ተሰበረ። ዳቦ ቤት ማለት እርሾ ነው፤ ሻጋታ ነው። ሁለቱም የሙያችን ደመኞች ናቸው።

"ዶክተር፣ ከዚህ የባሰ ቤት አጡ?" አልኳቸው።

"ግድግዳው ይታጠባል፤ የማይታጠበው ሰው ነው። ጀምሪ ጽጌ" አሉኝ።

ዶክተር ይልማ የላቦራቶሪው ባለቤትና አለቃዬ ነበሩ። አዲስ አበባ ሳለን እሳቸው ተመራማሪ፣ እኔ ቴክኒሻን ሆነን ለዓመታት አብረን ሠርተናል። ወደ ኡጋንዳ ተሻግረው የግል ላቦራቶሪ ሲከፍቱ አስጠሩኝ። ባሌም በዚያው ሰሞን ካምፓላ ካለ የእርዳታ ድርጅት ሥራ አግኝቶ ስለነበር ጓዛችንን ጠቅልለን መጣን፤ ሙየንጋ ኮረብታ ሥር ቤት ተከራየን። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ሁለት ሺህ አራት መገባደጃ ላይ ነው።

ሥራችን ለማያውቀው ሰው እንዲህ ነው። ከእናት ዛፍ ላይ ጥፍር የምታህል አንጓ ትቆረጣለች። በረኪና ውስጥ ትታጠብና ስኳር፣ ማዕድንና ሆርሞን ያለበት የረጋ ምግብ ላይ በብልቃጥ ትቀመጣለች። ምግቡን ሚዲያ እንለዋለን። ከተሳካ አንጓዋ ታቆጠቁጣለች። ቀንበጦቹ በየአምስት ሳምንቱ እየተቆረጡ ወደ አዲስ ብልቃጥ ይዛወራሉ፤ አንዱ ሁለት፣ ሁለቱ አራት ይሆናሉ። በመጨረሻ ሥር እንዲያወጡ ሌላ ሚዲያ ላይ ይተከላሉ፤ ከዚያ ወደ አፈር ይወጣሉ። በዚህ ሁሉ መንገድ ላይ አንዲት ባክቴሪያ ሾልካ ከገባች ግን ስኳሩን የምትበላው እሷ ናት፤ ተክሉ ይሞታል።

ከእኔ ጋር ግድግዳውን ያጠበችው ናካቶ ናት። ከዚያ በፊት ሆስፒታል ውስጥ ከሕመምተኛ ናሙና ባክቴሪያ እያሳደገች የምትለይ ቴክኒሻን ነበረች። በዕድሜ እኩያዬ ናት፤ ንግግሯ ቁጥብ ነው፤ እጇ አይንቀጠቀጥም። ጾመኛ መሆኔን ስነግራት ወጥታ በማቶኬ፣ ተቀቅሎ በሚበላው ሙዝ፣ ላይ የኦቾሎኒ ወጥ አስጨምራ መጣች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ረቡዕና ዓርብ ምሳችን እሱ ሆነ። እንደ አለቃ ሳይሆን እንደ እህት ልይዛት ይገባኝ ነበር። አልያዝኳትም።

ዶክተር እንድናባዛ ያዘዙን ጥቁር እንጨትን ነው። እዚያ እንታሴሳ ይሉታል። ቅርፊቱ ተቀቅሎ ሽንት ለሚከለክላቸው ሽማግሌዎች ይሰጣል። ውጭ አገርም ተፈላጊ ነው፤ ስለዚህ ገዢዎች በፒካፕ እየዞሩ ዛፉን ከግንዱ እስከ ቅርንጫፉ ይልጡታል። ዙሪያውን የተላጠ ዛፍ በቁሙ ይደርቃል። ዘሩም ቢሆን ቶሎ ካልተዘራ አይበቅልም። ዶክተር ይልማ "በብልቃጥ ካላባዛነው የልጅ ልጆቻችን በሥዕል ነው የሚያዩት" ይሉ ነበር። በዚህ ትክክል ነበሩ።

እናት ዛፍ ፍለጋ ስንዞር ነው ምዜ ሴማንዳን ያገኘነው። ምዜ ማለት በዚያ አገር እንደኛ "አባባ" ነው። ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር ናቸው፤ ከካምፓላ ወጣ ብሎ በሙኮኖ መንገድ ከሙዝ እርሻቸው ጀርባ አንድ ትልቅ ጥቁር እንጨት አላቸው። የተከሉት አባታቸው ናቸው፤ መድኃኒቱንም ያስተማሯቸው እሳቸው ናቸው። በአካባቢው የነበሩት ሌሎቹ ተልጠው አልቀዋል። ከተለያየ ቦታ የሰበሰብነውን ቅርፊት ዶክተር ሲያስመረምሩ በመድኃኒትነቱ ከሁሉም የበረታው የምዜ ዛፍ ሆኖ ተገኘ።

ምዜ ለዛፉ ሕግ ነበራቸው። ቅርፊት የሚነሳው የአንድ መዳፍ ስፋት ብቻ ነው፤ አንድ ጊዜ በፀሐይ መውጫ በኩል፣ ያ ሲሽር በመጥለቂያ በኩል። ቁስሉን በላም እበት ይለስኑታል። ሰው ቢለምንም፣ ቢቆጣም ከዚያ አያልፉም። ግንዱን ሲያሳዩኝ ጠባሳዎቹን በጣታቸው እየነኩ "ይኼ የአባቴ ነው፤ ይኼ የእኔ ነው" አሉኝ። አርባ ዓመት የነዳውን አውቶቡስ ማርሽ የሚያስታውስ ሰው እንደሚያወራ ነው የሚያወሩት፤ በፍቅርም በማሾፍም።

"ወንዶቹ ልጆቼ የጭነት መኪና ነው የሚነዱት፤ ዛፍ አይገባቸውም" አሉ። "ኛቦ፣ እኔ ስሞት ይህች ዛፍ ትቆረጣለች። ልጆቿን አድርጊልኝ።" ኛቦ ለሴት የአክብሮት መጠሪያቸው ነው።

ውላችን በቃል ነበር። እሳቸው አንጓ ይሰጣሉ፤ እኛ ስናባዛ የመጀመሪያዎቹ አርባ ችግኞች የእሳቸው ናቸው። ተጨባበጥን።

የመጀመሪያው ዓመት ለቅሶ ነበር። አንጓው ገና ሲቆረጥ የሚያመነጨው ጭማቂ ሚዲያውን ያጠቁረዋል፤ ተክሉ በራሱ መርዝ ይሞታል። በየሁለት ቀኑ ወደ አዲስ ሚዲያ እያዛወርን፣ ሚዲያው ላይ የከሰል ዱቄት እየጨመርን አሸነፍነው። መብራት ደግሞ በፈረቃ ሆነ። መብራት የሚያመነጨው ሐይቅ ጎደለ ተባለ፤ ከተማው በጄኔሬተር ጩኸት ተሞላ። ጄኔሬተራችን ማቀዝቀዣውን እንጂ የማሳደጊያ ክፍሉን አምፖሎች አይችልም። ብልቃጦቹን አውጥተን የዳቦ ቤቱ ትልልቅ መስኮቶች ሥር በመደርደሪያ አሰለፍናቸው፤ በነጭ ጨርቅ አጠለልናቸው። ተክሎቹ ከአምፖሉ ይልቅ የቀን ብርሃን ወደዱ። ሚዲያ የምናመክንበት አውቶክሌቭ መብራት ሲጠፋ ሥራ ስለሚፈታ ትልቅ የግፊት ድስት ገዝተን በከሰል ምድጃ ላይ መቀቀል ጀመርን። ለላቦራቶሪ የሚመጣው ውድ ስኳር ሲያልቅ የሱቅ ስኳር ሞከርን፤ ሠራ። ከአንድ አንጓ ሁለት ቀንበጥ ይወጣ የነበረው አምስት ደረሰ። አልዋሽም፣ ኮራሁ።

አንድ ነገር ግን አልለቅ አለን። በየብልቃጡ የቀንበጡ እግር ዙሪያ ወተት ጠብ ያለበት ውኃ የመሰለ ነጭ ነገር ይታያል። ባክቴሪያ ነው። አንጓውን በበረኪና ብናጥብ፣ በአልኮል ብናጥብ፣ ደግመን ብናጥብ ይመለሳል። ናካቶ ወስዳ አሳደገችው፤ በማጉያ መነጽር አየችው።

"ማዳም፣ ይህ ከውጭ የገባ አይደለም። እንጨቱ ውስጥ የሚኖር ነው። እናትየው ውስጥም አለ። እሷን አይጎዳትም፤ ብልቃጥ ውስጥ ስኳር ሲያገኝ ነው የሚያብደው" አለችኝ።

ሚዲያው ላይ አንቲባዮቲክ ጨመርኩ። በአምስት ሳምንት ውስጥ ብልቃጦቹ ሁሉ እንደ ምንጭ ውኃ ጠሩ። ዶክተር ይልማ አንዱን ብልቃጥ ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስተው እያዩ "ይኼ ነው ሥራ!" አሉ። ናካቶ ብልቃጡን ተቀብላ ወደ መደርደሪያው መለሰች። ወጣ ስንል "ተኝቶ ይሆናል እንጂ አልሞተም ይሆናል" አለችኝ።

"አንቺ ሆስፒታሉ አለቀቀሽም" አልኳት። "ይኼ እንጨት ነው፤ በሽተኛ አይደለም።"

ከእሷ ልማር የምችለውን ላለመማር ምን ያህል እንደ ታገልኩ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል። ሆስፒታል ውስጥ መድኃኒት የጀመረ ሰው ሳይጨርስ ቢያቆም ሕመሙ እንደሚያገረሽበት ማንኛዋም ነርስ ታውቃለች። እኔ ግን የዕፅዋት ሰው ነኝ ብዬ ጆሮዬን ደፈንኩ።

ላቦራቶሪያችን አንድ ልማድ ነበረው። ዓርብ ዓርብ ብልቃጥ ይቆጠራል። ዳቦ ቤቱ የዱቄት ሒሳብ ይጽፍበት የነበረ ጥቁር ሰሌዳ ግድግዳው ላይ ቀርቶ ስለነበር የቆጠርነውን እሱ ላይ በጠመኔ እንጽፋለን። እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያየው ሰሌዳውን ነው። ቁጥሩ ካለፈው ሳምንት ከፍ ካለ ዶክተር ሻይ ያስመጣሉ፤ ዝቅ ካለ በሩን ዘግተው ይቀመጣሉ። እየቆየን ሳናውቀው ሥራችን ተክል ማሳደግ መሆኑ ቀርቶ ቁጥር ማሳደግ ሆነ። ከየዙሩ ጥቂት ብልቃጥ ወስዶ ያለ መድኃኒት መፈተን በአገሬ ሳለሁ ለተለማማጆች ራሴ ያስተማርኩት ደንብ ነበር። እዚህ ግን የተፈተነ ብልቃጥ ከቁጥር ይወጣል። ስለዚህ ተውኩት።

በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ ሰሌዳው ላይ አንድ ሺህ አራት መቶ ተጻፈ። ዶክተር በሚቀጥለው መጋቢት ዝናቡ ሲገባ ሁሉም አፈር እንዲነካ ወሰኑ።

በጥር ወር ወደ ምዜ ቤት ሄድኩ፤ የሚተከልበትን ቦታ ለማየት። በታክሲ እስከ ሙኮኖ፣ ከዚያ በቦዳ፣ በሞተር ታክሲ። ምዜ ከሳ ብለው ጠበቁኝ። እንደ ልማዳቸው አልቀለዱም። አግዳሚው ላይ ሦስት ሽማግሌዎች መድኃኒት ሊቀበሉ ተቀምጠዋል። ምዜ ወደ ዛፉ ወሰዱኝና ግንዱን ተደግፈው ቆሙ።

"ልጆቿ ስንት ደረሱ?"

"አንድ ሺህ አራት መቶ" አልኩ።

"በሕይወት?"

"በሕይወት ነዋ! አረንጓዴ ናቸው።"

የአባታቸውን ጠባሳ በጣታቸው ነኩ። "ኛቦ፣ እናትየው ብትሞትስ?"

ሳቅኩ። የሚያወሩት ስለ እርጅናቸው መሰለኝ። "ምዜ፣ እናትየው ዛሬ ብትሞት እንኳ ዘሯ አይጠፋም። አይስጉ። እኔ ጋ ናት" አልኳቸው።

"አንቺ ጋ ናት" አሉ ቀስ ብለው። "ዌባሌ፤ ዌባሌ ንዮ።" አመሰግናለሁ ማለታቸው ነው። ሁለት እጄን ይዘው ቆዩ። ለምን እንዲህ እንደ ጠየቁኝ አልጠየቅኳቸውም። ቦዳው ቆሞ እየጠበቀኝ ነበር። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ እኔ ያንን ቃል ከአፌ አውጥቼ ሞተር ላይ ወጣሁ፤ እስከ ናካዋ ድረስ ደስ ብሎኝ ነው የተመለስኩት።

በየካቲት ወደ ሥር ማስያዣው ሚዲያ ማዛወር ጀመርን። አንቲባዮቲክ ሥር እንዳያወጡ ስለሚያግድ እዚህ ላይ አይጨመርም። ይህ የታወቀ ነው። ናካቶ የዚያን ቀን ጠዋት ከወትሮዋ ወጣ ብላ መቀመጫዬ ድረስ መጣች።

"ማዳም፣ መጀመሪያ ሃያ ብልቃጥ ብቻ እናዛውር። ሦስት ሳምንት እንይ። ከጠራ ሌላውን እንቀጥላለን።"

"ሦስት ሳምንት ከጠበቅን ዝናቡ ያልፈናል።"

"ቢያልፈን መስከረም ሌላ ዝናብ አለ።"

እውነቷን ነበር። ካምፓላ በዓመት ሁለት ዝናብ አላት። ዶክተር በር ላይ ቆመው ይሰሙ ነበር። "ጽጌ፣ ውሳኔው ያንቺ ነው፤ ሥራውን የምታውቂው አንቺ ነሽ" አሉኝ። ሰሌዳውን አየሁ። "ሁሉንም" አልኩ።

አሥራ አንድ ቀን ፈጀብን። ንጹሕ አየር በሚነፍስበት ሳጥን ፊት ጎን ለጎን ተቀምጠን፣ ወረንጦና ምላጭ በአልኮል መብራት እያቃጠልን፣ አንድ ሺህ አራት መቶውንም አዛወርን። ጀርባዬ ተቆረጠ። ናካቶ ከእኔ እኩል ሠራች።

በመጀመሪያው ቀን የተዛወሩት ላይ ነጩ የታየው ገና ሥራውን ሳንጨርስ ነው። እኔ ነኝ ያየሁት። ብልቃጡን አንስቼ ከሌሎቹ ጀርባ ደበቅኩት። አዎ፣ ደበቅኩት፤ እንደ ሕፃን። በማግሥቱ አሥር ሆኑ። በሳምንቱ መደርደሪያው ሙሉ ነጣ። ክፍሉ ውስጥ ስገባ እርጎ እርጎ ይሸተኝ ጀመር። በመድኃኒቱ ተኝቶ የነበረው ሁሉ በአንድ ጊዜ ነቅቶ ስኳሩን እየበላ ነበር።

ናካቶ "ነግሬሽ ነበር" አላለችኝም። ብትለኝ ይቀለኝ ነበር።

ያላደረግነው የለም። ገና ያልነጡትን ለቅመን ወደ አንቲባዮቲክ መለስናቸው፤ ደክመው ስለነበር ቅጠላቸው እየረገፈ አለቁ። መጠኑን ጨመርን፤ ተክሉን ራሱን አነጣው። በመጨረሻ የቀረው መንገድ የቀንበጡን ጫፍ፣ ባክቴሪያው ገና ያልደረሰባትን የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ክፍል፣ በማጉያ ሥር ቆርጦ ማሳደግ ነው። ናካቶ ስድሳ ጫፍ ቆረጠች። አንድ ሳምንት አረንጓዴ ሆነው ቆዩ፤ ከዚያ አንድ በአንድ ቡናማ ሆኑ። የመጨረሻዋ ስትጠቁር ናካቶ ጓንቷን አወለቀች፤ እጇን ስትታጠብ ብዙ ቆየች።

ዶክተር ይልማ አልተቆጡም። ሰሌዳውን ራሳቸው በእርጥብ ጨርቅ ጠረጉት። "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" አሉ፤ ለእኔ ይሁን ለራሳቸው አላውቅም። ከዚያ "ደግነቱ እናት ዛፏ አለች። ከሥር እንጀምራለን። ዘንድሮ በደንቡ" አሉኝ። እኔም ያጽናናኝ ይኸው ነበር። እናትየው እስካለች ድረስ የጠፋው ድካም እንጂ ተክል አይደለም አልኩ።

በሚቀጥለው ሰኞ ናካቶና እኔ መቁረጫ መቀስ፣ እርጥብ ጋዜጣና ላስቲክ ይዘን ወደ ምዜ ሄድን። ዝናቡ ገብቷል፤ መንገዱ ቀይ ጭቃ ነው። ከሙዝ እርሻው ጀርባ ስንደርስ ናካቶ ቀድማኝ ቆመች።

ዛፉ ራቁቱን ነበር። ከመሬት ጀምሮ ሰው በመሰላል እስከሚደርስበት ድረስ፣ ከዚያም በላይ ቅርንጫፎቹ ሳይቀሩ፣ ዙሪያውን ተልጧል። ግንዱ መጀመሪያ እንደ ሥጋ ቀልቶ ኋላ ደርቆ ጠቁሯል። ቅጠሉ ገና አልረገፈም፤ ደርቆ እንደ ወረቀት እየተንኮሻኮሸ ተንጠልጥሏል። የአባታቸውም የእሳቸውም ጠባሳ የለም።

ምዜ ከቤታቸው እየሮጡ ወጡ ማለት ይቻላል። ፊታቸው በርቷል። "ኛቦ! መጣሽ! ኑ፣ ኑ እዩ!" ብለው እጄን ይዘው ወደ እርሻው ዳር ወሰዱን። አርባ ጉድጓድ በአራት መስመር ቆፍረዋል። እያንዳንዱ ውስጥ የበሰለ ፍግ አለ። በየጉድጓዱ አጠገብ ጥላ የሚሆን የሙዝ ቅጠል ተተክሏል።

ነገሩን ራሳቸው ነገሩኝ፤ አልሸሸጉም። ሴት ልጃቸው ታማ ነበር። ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋታል ተባለ። የቅርፊት ገዢው ሦስት ጊዜ መጥቶ መልሰውታል። በጥር እኔ ሄጄ "እኔ ጋ ናት" ካልኳቸው በኋላ በአራተኛው ሲመጣ እሺ አሉ። "አባቴን ይቅርታ ጠየቅኩት" አሉ። "ከዚያ ልጆቿ አሉ፣ አንድ ሺህ አራት መቶ አልኩት። ልጄ ድናለች፤ ቤት ናት። ታዲያ መኪናው መቼ ነው የሚያመጣቸው?"

ናካቶ በቋንቋቸው፣ በሉጋንዳ፣ ልትነግራቸው አፏን ከፈተች። አስቆምኳት። እኔ ያልኩትን እኔ ልናገር ብዬ በእንግሊዝኛ ነገርኳቸው። ሾፌር ስለነበሩ እንግሊዝኛ ጥሩ ያውቃሉ። ባክቴሪያውን፣ አንቲባዮቲኩን፣ ሃያ ብልቃጥ መፈተን እንደነበረብኝና እንዳልፈተንኩ፣ አንድ በአንድ። ሳላሳጥር። አሳጥሬ ብናገር ኖሮ የማለቅስ ይመስለኛል።

"ስንት ቀረ?" አሉ።

"ምንም አልቀረም ምዜ።"

"አርባም?"

"አንድም።"

ቁጭ አሉ፤ ከጉድጓዶቹ በአንዱ ዳር፣ አፈር ላይ። አልሰደቡኝም። ልጃቸው እንደ ዳነችና በዚያ እንደማይጸጸቱ ደግመው ተናገሩ፤ ግን ለእኔ ሳይሆን ለመሬቱ ነው የተናገሩት። ከዚያ አግዳሚው ላይ የተቀመጡትን ሽማግሌዎች በአገጫቸው አሳዩኝ።

"እነሱ ችግኙን ነው የሚጠብቁት። ቅርፊቱ እስኪደርስ ቢያንስ ቅጠሉን እቀቅልላችኋለሁ ብያቸዋለሁ። ሂጂና ንገሪያቸው። እኔ አልችልም።"

ሄድኩ። እኔ በእንግሊዝኛ፣ ናካቶ በሉጋንዳ። ሽማግሌዎቹ ጨዋ ናቸው፤ እስክጨርስ ማንም አላቋረጠኝም። አንደኛው ብቻ፣ ከዘራውን በሁለት እጁ የያዘው፣ ናካቶን አንድ ነገር ጠየቃት። ናካቶ ተረጎመችልኝ።

"ብልቃጡ ውስጥ የሞተውን ቢሰጡንና ቀቅለን ብንጠጣው አይሆንም ወይ ይላሉ።"

አይሆንም አልኳቸው።

ከደረቀው ዛፍ ላይ አረንጓዴ የሚመስሉ ሰባት ቅርንጫፎች አግኝተን ቆረጥን። ላቦራቶሪ ደርሰን ስንሰነጥቃቸው ውስጣቸው ቡናማ ነበር። በዓመቱ ውስጥ ሁለት ጊዜ ተመልሼ ጉቶው አቆጥቁጦ እንደሆነ አይቻለሁ። አላቆጠቆጠም። ምዜ ግንዱን ቆርጠው ለማገዶ አዋሉት፤ አርባዎቹ ጉድጓዶች ውስጥ ሙዝ ተከሉ። በሁለተኛው ጉብኝቴ ማቶኬ በላስቲክ ሞልተው ሰጡኝ። እምቢ ማለት ነውር ስለሆነ ተቀበልኩ። ያን ማቶኬ መብላት አልቻልኩም፤ ለጎረቤት ሰጠሁት።

ከሌላ ቦታ ሌላ እናት ዛፍ አገኘን። ደካማ ነበር፤ ግን ዛፍ ነው። በዚህኛው ላይ ብልቃጥ መፈተኑን ሙሉ በሙሉ ለናካቶ አስረከብኩ። እሷ "አይ" ያለችው ብልቃጥ በእኔም በዶክተርም ትእዛዝ አያልፍም፤ ይህን በወረቀት ጽፈን በሩ ላይ ለጠፍን። የዓርብ ቆጠራው ቀረ። ብዙ ቆይቶ ሁለት መቶ የማይሞሉ ችግኞች አፈር ገብተው በጋ አለፉ። አርባውን ወደ ሙኮኖ ላክን። ምዜ ሴማንዳ ከዚያ በፊት አርፈው ስለነበር የተቀበለችን ልጃቸው ናት። ቦታ የለንም አለች፤ ሙዙ ይዞታል። አምስት ብቻ ተቀበለችን።

አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ሥራውን ለምትጀምሩ የማውቀው ይህ ነው። አንቲባዮቲክ ባክቴሪያውን ያስተኛዋል፤ መግደሉን ሳትፈትኑ አትመኑ። ከየዙሩ ጥቂቱን ያለ መድኃኒት አቆዩና እዩ። ሁሉንም በአንድ ጊዜ አታዛውሩ። አፈር ገብቶ አንድ በጋ ያላለፈን ተክል ለማንም አትቁጠሩ። ባለዛፉ ስንት ደረሱ ብሎ ከጠየቃችሁ፣ ከመመለሳችሁ በፊት ለምን እንደሚጠይቅ ጠይቁት።